የተዘቀዘቀው ነጠላ

«አስተካክለሽ ልበሺው ነው የምልሽ!»

«ምኑን ላስተካክለው? እንዲህ ነው የሚለበሰው።»

«እማ፣ በናትሽ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ።»

«እኔ መች ጮህኩ? የምትጮኸው አንተ!»

ጎሹ ደንግጦ ከበሩ በላይ ያለችውን፣ ጩኸት ስትሰማ ቀለም የምትለውጠውን መብራት ቀና ብሎ አየ። ነጭ ናት። ክርክሩን በሹክሹክታ ካቆመበት ቀጠለ። እናቱ ወይዘሮ ኤልዳና የበሩን እጀታ ይዘው ቆመዋል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ከእግር በኩል መውረድ የነበረበትን ጥለት ወደ አንገታቸው አውጥተው፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ለብሰዋል። በሌላው እጃቸው ክዳን ያለው ሳህን አለ። ውስጡ ንፍሮ ነው። ስንዴውንና ሽምብራውን ከአገራቸው ከሐይቅ ከተማ ድረስ ያመጡት ለምራታቸው ቆሎ ሊቆሉላት ነበር።

«የፊት ለፊቷ ሴት ልጇ ሞቶባታል» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «በር ለበር ሆኜ ሳልደርሳት ልቅር?»

«ሞቶባታል አይባልም እዚህ።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

ጎሹ ምን እንደሚባል ፈልጎ አጣ። በቬልማር ለዚህ ነገር የሚሆን ቃል ከተተወ ብዙ ዓመት ሆኗል።

«ምንም አይባልም» አለ በመጨረሻ። «ሳጥን በር ላይ ይወጣል፣ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል፣ አለቀ።»

ወይዘሮ ኤልዳና ሳጥኑን አይተውታል። ፀቡንም ያመጣው እሱ ነው። በማለዳ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ በፊት ለፊቷ ሴት በኢረን በር ሥር ግራጫ ሳጥን ተቀምጦ ነበር፤ ክዳኑ በደንብ አልገጠመም። በስንጥቁ በኩል ቢጫ የዝናብ ካፖርት ብቅ ብሏል። ያንን ካፖርት ያውቁታል። ቬልማር የደረሱ ዕለት ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ካፖርቱን የለበሰው ቀጭን ልጅ ሻንጣቸውን ከእጃቸው ነጥቆ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣላቸው። ላይ ሲደርሱ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ ከጎሹ የተማራትን የአማርኛ ሰላምታ እየተኩራራ «ደህና ነህ?» አላቸው። ወይዘሮ ኤልዳና ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እስኪያልባቸው ሳቁ። ዮሪስ ይባላል። የኢረን ልጅ ነው፤ አንድ ልጇ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ወጥቶ አልተመለሰም።

*

ቬልማር ነፋስ የማይለያት የወደብ ከተማ ናት። በየማለዳው የከተማዋ ድምፅ ከየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ይናገራል። መጀመሪያ ነፋሱን፣ ቀጥሎ ዝናቡን፣ ከዚያ ክስተቱን። «በሰሜን ቀጠና መለስተኛ የክስተት ዕድል አለ፤ ተሳፋሪዎች የባሕር ዳርቻውን መስመር ቢጠቀሙ ይመረጣል።» ሰው ይህን እየሰማ ዳቦው ላይ ቅቤ ይቀባል። ዝናብ ከተባለ ጃንጥላ ይይዛል፤ ክስተት ከተባለ መንገድ ይቀይራል።

ክስተት የሚባለው ፍንዳታ ነው። አንዳንዴ ተኩስ ይሆናል፤ አንዳንዴም ሰው መሐል የሚገባ መኪና። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ስም የላቸውም፤ ስማቸው እንዳይነሳ በሕግ ተወስኗል። በዚያው ሕግ የሚሞቱትም ስማቸው አይነሳም።

ወይዘሮ ኤልዳና ይህን ሁሉ ሲመጡ አያውቁም ነበር። የመጡት ለአራስ ነው። ምራታቸው ሊና ቀኗ ደርሷል፤ ሐኪሞቹ ለጥንቃቄ ብለው ሆስፒታል አስተኝተዋታል። እሳቸውም ከሐይቅ ሲነሱ ዕድርተኞቻቸው ሁሉ ተሰብስበው «ሰላም አገር ልትሄጂ ነው፤ ሰላሙን ቋጥረሽ አምጪልን» እያሉ ቀልደውባቸው ነበር። የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ያብስራ ደግሞ «ኤልዳና፣ እዚያ ጥይት የሚባል ነገር በሙዚየም ነው አሉ» አሏቸው። ኤልዳናና ያብስራ በእነሱ ልጅነት የልጅ ስም ነበር። ዛሬ የሽማግሌ ስም ሆኖ፣ ልጆቻቸው ደግሞ ጎሹና አያሌው ይባላሉ።

የመጀመሪያውን ክስተት የሰሙት ገበያ ውስጥ ነው። ከጎሹ ጋር ሽንኩርት ሊገዙ ቆመው ሳለ ከሩቅ አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ የወደቀ ያህል ተሰማ። መስታወቶች ተርገበገቡ። ገበያተኛው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ፤ ሁሉም ዓይኑን ወደ እግሩ ጣለ። ለጥቂት ጊዜ አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ከዚያ ሻጩ ቀና ብሎ ሚዛኑን አየና «ልጨምር ወይስ ይበቃል?» አለ። ገበያው ካቆመበት ቀጠለ።

ወይዘሮ ኤልዳና ግን ድምፁን እንደሰሙ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸውን ይዘው፣ ከሆዳቸው የሚወጣ ጩኸት ሊያወጡ አፋቸውን ከፈቱ። ጩኸቱ አልወጣም። ጎሹ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ አፋቸውን አፈናቸው። የወለዱት ልጅ እጅ የሽንኩርት ሽታ ነበረው። ዙሪያቸውን የቆሙት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ በንቀት አልነበረም፤ ሰው መንገድ ላይ ልብሱ ሲወልቅበት እንደሚደረገው በጨዋነት ነው።



*

«ስሚኝ» አለ ጎሹ አሁን፣ ሳህኑን ከእጃቸው ወስዶ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «ድሮ በየሳምንቱ ነበር። በየሳምንቱ! አበባ፣ ሻማ፣ ፎቶ፣ እንባ፣ ሰልፍ… እነዚያ ሰዎች ደግሞ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያንን ያያሉ። የሚፈልጉት ሞቱን አይደለም፤ ለቅሶውን ነው። ለቅሶው ሲከለከል ቀነሰ። ቁጥር ነው የምነግርሽ፤ እውነት ቀነሰ።»

«አልቆመም ግን።»

«ቀነሰ እኮ!»

«የእኛ ለቅሶ ለገዳይ አይደለም፤ ለሟች ነው።»

«እሱን ለግድግዳው ንገሪው።»

ወይዘሮ ኤልዳና ተቀመጡ። ልጃቸው ሞኝ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ የሚያስፈራቸውም እሱ ነው። የሚናገረው ነገር ልክ ይመስላል። ግን እሳቸው ሌላ ነገር አይተዋል።

«እኔ ልጅ ሆኜ…» ብለው ጀመሩ።

«የወንዙን ታሪክ አውቀዋለሁ እማ።»

«ካወቅኸው ደግመህ ስማው።»

ጎሹ ሰዓቱን አየና ተደገፈ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማውን ታሪክ እናቱ ነገሩት። በወንዝ የተለያዩ ሁለት ቀበሌዎች ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ሆነ። ወዲህ የተገደለ ወዲህ፣ ወዲያ የተገደለ ወዲያ ይቀበራል። ከሚወርደው ውሃ በቀር የሚሻገር አልነበረም። አንድ ቀን የኤልዳና እናት ማዶ ያለች አንዲት ሴት ልጇ እንደሞተባት ሰሙ። የልጁን ስም አገር ያውቀዋል፤ የኤልዳናን አጎት ገደለ የሚባለው እሱ ነው። እናትየው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ኤልዳናን በእጃቸው ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። መሣሪያ የያዙ ወንዶች በሩ ላይ ቆመው ነበር። እናትየው በወንዶቹ መሐል አልፈው፣ ደፉ ላይ ሲደርሱ የዚያን ልጅ ስም ጠርተው አለቀሱ።  ከዚያ ሐዘንተኛዋ መደቡ ላይ ፈቀቅ አለችና ቦታ ሰጠቻቸው።

«ሌላ ምንም አላደረገችም፤ ፈቀቅ አለች» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «በሳምንቱ እነሱ ለአጎቴ ለቅሶ መጡ። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌዎቹ በሬ ያረዱት። ዛሬ እርቁን ሽማግሌዎች ጀመሩት ይባላል። የተጀመረበትን በር እኔ አይቼዋለሁ።»

ጎሹ እናቱ ፊት ተንበረከከና ጉልበታቸውን ያዘ።

«ሐሙስ የመኖሪያ ፈቃዴ የሚወሰንበት ቀን ነው። የእርጋታ ሠራተኞች ይህንን ቤት ያዩታል። መብራቷ አንዴ ከተለወጠች፣ ቤቱ እርጋታ የለውም ይሉና እኔን ያስወጡኛል። ሊናና ልጁ የዚህ አገር ናቸው፣ ይቀራሉ። እኔ ነኝ የምወጣው። ልጄን በመስኮት እንኳ አላየውም። እስከ ሐሙስ ብቻ እማ። ከሐሙስ በኋላ ከፈለግሽ ቀኑን ሙሉ አልቅሺ።»

«ሐሙስ ሰልስቱ ያልፋል።»

«ይለፍ!»

ወይዘሮ ኤልዳና የልጃቸውን ራስ አዩ። መሐል አናቱ ላይ መመለጥ ጀምሯል። ተነሡ፤ ነጠላቸውን አወለቁ፤ ጥለቱን ወደ ታች መልሰው ለበሱት። ጎሹ ጉንጫቸውን ስሞ ወደ ሥራው ሄደ። ንፍሮው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

*

ማታ ላይ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ሊፍቱ ውስጥ ከኢረን ጋር ተገናኙ። ከሥራ መመለሷ ነው። ፀጉሯን አበጥራለች፤ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታለች። በያዘችው ቦርሳ ውስጥ ሁለት ቁራጭ ዓሣ ይታያል፤ እንደ ልማዷ ለሁለት ሰው ነው የገዛችው። ወይዘሮ ኤልዳና ዓሣውን ካዩ በኋላ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ።

«ነፋሱ ቀነስ ብሏል» አለች ኢረን። ጆሯቸው ውስጥ የተሰካችው ትንሿ አስተርጓሚ መሣሪያ ወዲያው በአማርኛ አቀበለቻቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና።

አስተርጓሚዋ ዝም አለች። ኢረን በትህትና ጠበቀች። ምንም አልመጣላትም። ወይዘሮ ኤልዳና ደገሙት፤ አሁንም ዝም። ኢረን አፋቸውን ትክ ብላ ታየው ጀመር። 

«አዎ» አለች፣ ሊፍቱ ሲከፈት። «ነገም ነፋስ የለም ተብሏል።»

ያን ሌሊት ወይዘሮ ኤልዳና እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። የኮሪደሩን ማዶ ሲያዳምጡ አደሩ። የአንዲት ሴት እግር ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ውሃ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ሌላ ምንም የለም። በሕይወታቸው ብዙ ለቅሶ ቤት አይተዋል፤ እንዲህ ጸጥ ያለ ግን አላዩም። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ሰው ቀብር ሲከለከል ጓዳው ገብቶ ትራስ ነክሶ ያለቅስ ነበር። ይህች ሴት ትራሷን እንኳ መንከስ የምትችል አትመስልም።

*

ረቡዕ ጎሹ በማለዳ ወደ ሆስፒታል ሄደ። ኢረን ዕለቱ የዕረፍት ቀኗ ነው፤ በሯ አልተከፈተም። ሳጥኑ ግን ተወስዷል፤ ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ተጠርጓል።

ወይዘሮ ኤልዳና ቤቱ ውስጥ ተንጎራደዱ። አላለቅስም፣ አሉ ለራሳቸው። ገብቼ ቁጭ ብዬ እመለሳለሁ፤ መቀመጥ ማንን ይረብሻል? አስተርጓሚዋን ከጆሯቸው አውጥተው በርበሬ ጣሳ ውስጥ ከተቷትና ክዳኑን ጥብቅ አደረጉ። ንፍሮውን አሞቁ። ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። በሩን ሲከፍቱ መብራቷ ነጭ ነበረች።

ኢረን ስትከፍት በእጇ የግድግዳ ቀለም ብሩሽ ይዛ ነበር። ወይዘሮ ኤልዳናን ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሳህኑን አየች። ከዚያ የቤቷን መብራት ቀና ብላ አየችና ፈቀቅ አለች።

ፈቀቅ ስትል ወይዘሮ ኤልዳና ልባቸው ዘለለ።

ቤቱ ውስጥ ሥዕል ወይም ፎቶ የነበረባቸው አራት ማዕዘን ቦታዎች ከግድግዳው ነጥተው ይታያሉ፤ ግማሹን ኢረን ቀብታዋለች። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ወንበር የነበረ ይመስላል፤ አሁን አንድ ነው። ወይዘሮ ኤልዳና ወንበሩን አልፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ኢረን ግራ ገብቷት ወንበሩን አቀረበችላቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቂት ቆማ ካሰበች በኋላ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። እንደማያውቀው ሰው እግሯን የምታደርግበት ጠፋት።

ንፍሮውን አቀረቡላት። አንድ ሽምብራ አንሥታ አየችና ቀመሰች። ሌላ አነሣች። እንደዚያ አንድ በአንድ፣ ሳይነጋገሩ ብዙ ጊዜ በሉ። የሚነጋገሩበት ቋንቋም አልነበራቸውም።

ከዚያ ኢረን እጇን ዘርግታ አንገታቸው ሥር ያለውን ጥለት ነካችው። ከትናንት ወዲህ ተለውጧል፤ ልብ ብላዋለች። በዓይኗ ጠየቀች። ወይዘሮ ኤልዳና ነጠላውን አወረዱና ጥለቱን ወደ እግራቸው አድርገው ፈገግ አሉ፦ ደስታ ሲሆን እንዲህ። ገልብጠው ወደ አንገታቸው አወጡት። ፈገግታቸው ጠፋ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ በጣታቸው ወደ በሩ፣ ሳጥኑ ወደነበረበት ቦታ አመለከቱ።

ኢረን ገባት። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልተለወጠም፤ ተነሥታ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደች። ስትመለስ አንድ የተጨማደደ የትራስ ልብስ ይዛ ነበር። ሁሉን ነገር ሳጥን ውስጥ ጨምራ ይህችን ብቻ ደብቃለች፤ አላጠበቻትም። ተቀመጠች። የትራስ ልብሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ሽታውን ሳበች።

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ለቅሶ አይመስልም። ሊፈላ ያለ ጀበና የሚያሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ነበር። ኢረን ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። ድምፁ በጣቶቿ መሐል ወጣ።

ሐዘንተኛ ብቻዋን አታለቅስም። ወይዘሮ ኤልዳና ይህን ያስተማራቸው የለም፤ ከእናታቸው ጀርባ ሆነው የወረሱት ነው። ሐዘንተኛዋ ስትጀምር ቀጥሎ ያለው ሰው ይቀበላታል፤ ዝም ካላት ገደል ላይ እንደ ለቀቃት ነው። ለጎሹ የገቡለት ቃል፣ ሐሙስ፣ መብራቷ፣ ይህ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ከአእምሯቸው ወጣ። ነጠላቸውን በከፊል ከትከሻቸው አውርደው የኢረንን ትከሻ አለበሱና ደረታቸውን እየመቱ ጮኹ።

«ዮሪስ! አንተ ዮሪስ! ሻንጣዬን ከእጄ የነጠቅኸው! ደረጃውን ሁለት ሁለት የዘለልከው! የማታውቃትን አሮጊት ‹ደህና ነህ› ብለህ ያሳቅህ! ደህና አይደለሁም ዮሪስ! ደህና አይደለሁም!»

ኢረን ከዚህ ሁሉ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው። ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያልጠራው፣ እሷም ያልጠራችው ቃል። ቀና አለችና አብራ ጠራችው። ዮሪስ። አንድ ጊዜ ከጠራችው በኋላ ማቆም አልቻለችም። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው፣ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በራሷ ቋንቋ፣ ያንን ስም እየተቀባበሉ አለቀሱ።

ከበሩ በላይ ያለችው መብራት ቢጫ ሆነች። ከዚያ ሰማያዊ ሆነች።

*

የመጡት የእርጋታ ሠራተኞች ሁለት ናቸው። ድምፅ የማያሰማ ጫማ አድርገዋል። ወንዱ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ሴቲቱ ደግ ፊት አላት፤ የያዘችውን ፔርሙዝ ከፍታ ለሁለቱም ሻይ ቀዳች። የራሷን አስተርጓሚ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አይዟችሁ» አለች። «ያጋጥማል። እዚህ ቤት ውስጥ ስም ተጠርቷል። ሁለታችሁም ጠርታችሁታል፤ በዚያ ማንም አይቀየማችሁም። አንድ ሰው ሲጀምር ሌላው ይከተላል፤ የታወቀ ነው። እኛ የሚያስፈልገን የጀመረውን ሰው ማወቅ ብቻ ነው።»

«የጀመረው ምን ይሆናል?» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። ድምፃቸው ጎርንኖ ነበር።

«የቤቱ ባለቤት ከሆኑ የዕረፍት ቤት ይሄዳሉ። እንግዳ ከሆኑ ደግሞ» አለች ሴቲቱ በዚያው ለስላሳ ድምፅ «ጉዳዩ ወዳስተናገደዎት ቤት ይዞራል።»

የዕረፍት ቤቱን ወይዘሮ ኤልዳና ጠይቀው ያውቃሉ። ከዚያ የሚወጡ ሰዎች አሉ፣ ብሏቸው ነበር ጎሹ። ሲወጡ ግን ሌላ ሰፈር ይሰጣቸዋል፤ ያገኟቸው ሰዎች በስማቸው ሲጠሯቸው ትንሽ ቆይተው ነው የሚዞሩት።

በዚያን ጊዜ ሊፍቱ ተከፈተና ጎሹ ወጣ። ሮጦ ነው የመጣው። «እማ! ሊና ምጥ…» አለና ክፍቱን በር አየ። ድምፅ የማያሰማውን ጫማ አየ። መሬት ላይ የተቀመጡትን እናቱን፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ሰማያዊዋን መብራት አየ። ባለበት ቆመ። አልተቆጣም። ፊቱ ባዶ ሆኖ፣ ገበያ ውስጥ እንደነበሩት ሰዎች ዓይኑን ወደ እግሩ ጣለ።

«የጀመረው ማን ነው?» አለች ሴቲቱ።

ወይዘሮ ኤልዳና እኔ ነኝ ሊሉ ፈለጉ። እውነቱ እሱ ነው። ኢረን ድምፅ አወጣች እንጂ ስም አልጠራችም፤ ስሙን የጠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ቃል ነው። እናታቸው ቢሆኑ ወንዝ ተሻግረው በመሣሪያ መሐል ይሉት ነበር። ግን በሩ ላይ የቆመው ልጃቸው ራስ ይታያቸዋል፤ መሐል አናቱ መመለጥ ጀምሯል። አንድ ሕፃን ደግሞ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ወደዚህ ከተማ እየመጣ ነው። አፋቸው አልከፈት አለ። ገበያ ውስጥ ያፈናቸው የልጃቸው እጅ ነበር። አሁን ግን አፋቸው ላይ የማንም እጅ የለም።

ኢረን ሻይዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ ወይዘሮ ኤልዳናን አየች። ቀጥሎ በሩ ላይ የቆመውን ጎሹን አየች፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እኔ ነኝ የጀመርኩት» አለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ጨመረች። አስተርጓሚዋ እሱን አልተረጎመችውም። ወይዘሮ ኤልዳና ግን ተረጎመችም አልተረጎመችም ገብቷቸዋል። ልጄ ነው፣ ነው ያለችው።

ሴቲቱ ራሷን ነቀነቀች። «እናመሰግናለን። ትንሽ ማረፍ ያስፈልግዎታል። ውጭ ብርድ ነው፤ የሚደረብ ነገር ይያዙ።»

ኢረን ተነሥታ ዙሪያዋን አየች። ካፖርቷ የተሰቀለበትን የረሳች ትመስላለች። ወይዘሮ ኤልዳና ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ሙሉ በሙሉ ገፈፉና ኢረንን አለበሷት። ጥለቱን ወደ ላይ አወጡት፤ አንገቷ ሥር አስተካከሉት፤ ጫፉን በትከሻዋ ላይ ጣሉት። የትራስ ልብሱን ከመሬት አንሥተው ከነጠላው ሥር ሸጎጡላት። ኢረን ሸማውን አጥብቃ ያዘች።

«እንዴት ያምራል» አለች የእርጋታ ሠራተኛዋ ጥለቱን በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች። «የእጅ ሥራ ነው?»



ኢረን በሁለቱ መሐል ሆና በበሩ ወጣች። በጎሹ አጠገብ ስታልፍ ጎሹ ጥለቱን አየው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ፣ ምናልባትም በዚያ ከተማ ውስጥ፣ ከእነሱ ከሦስቱ በቀር ያንን ማንበብ የሚችል ሰው የለም። የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩ ተላቀቀ። ከዚያ የገዛ መዳፉን አንሥቶ አፉ ላይ አደረገ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ብስክሌት የያዘ ጎረቤት ሊፍት እየጠበቀ ነበር። ሲያያቸው ብስክሌቱን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ቦታ ለቀቀላቸው።

«ነፋሱ ቀነሰ አይደል?» አለ።

«ቀንሷል» አለች ኢረን።

የሊፍቱ በር ተዘጋ። ጎሹ ሊፍቱ ተመልሶ እንዲመጣ ቁልፉን ተጫነ።